ደብተሩንም ኬኩንም የሚይዘው ሙጫ

የሥዕል ማስታወሻ ደብተር የሚባለው፣ ባለቤቱ ቀኑን በቃላት ብቻ ሳይሆን በቀለም፣ በተቀደደ ወረቀት፣ በጨርቅ ቁራጭ፣ በክርና በፎቶግራፍ እየደራረበ የሚያኖርበት ደብተር ሲሆን፣ ሠዓልያን ልዩ ልዩ ቁስን በአንድ ገጽ ላይ የማዋሐዱን ስልት «ሚክስድ ሚዲያ» ይሉታል። ይህ ደብተር ከልደት ኬክ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሸሕዲና በመተማ ዙሪያ ከግራር ግንድ ላይ ደርቆ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ እርሱም ሙጫ ነው።

ሙጫና ዕጣን በንግዱ ሁልጊዜ ተጣምረው ቢጠሩም ጠባያቸው የተለያየ ነው። ዕጣን የዕጣን ዛፍ ቅርፊት በበጋ እየተፋቀ የሚለቀም፣ ውኃ ሲነካው እንደ ወተት የሚደፈርስ ሲሆን፣ የግራር ሙጫ ግን በውኃ ፈጽሞ ሟሙቶ እንደ ቀጭን ማር የሚወርድ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ሊባል የሚችል፣ የሚበላም ነገር ነው። የውኃ ቀለም ዱቄት ወረቀቱን ይዞ እንዲቀር የሚያደርገው፣ የድሮ ፖስታ በምላስ ሲረጥብ ያጣብቅ የነበረው፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው የቅመም ዘይት ከውኃው ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ የሚከላከለው ይኸው ሙጫ ነው። ከዓለም ገበያ ትልቁን ድርሻ የምታቀርበው ጎረቤት ሱዳን ስትሆን፣ አሜሪካ በዚያች አገር ላይ ማዕቀብ ጥላ በኖረችበት ዘመን እንኳ ሙጫውን ከእገዳው ውጭ ማድረጓ ነገሩ ምን ያህል ተፈላጊ እንደሆነ ያሳያል።

ደብተሩን የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ የራስን መጽሐፍ ገልጦ አለማየት ነው። የብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታ በውስጥ በኩል ባለቀለም ግምጃ ይለጠፍበታል፤ ሥዕል ያለበት ቅጠል ላይ ቀለሙ እንዳይፋተግ ስስ ጨርቅ እንደ መጋረጃ በክር ይሰፋበታል፤ ተፈላጊው ገጽ ቶሎ እንዲገኝም በኅዳጉ ላይ ቀለም ያለው ክር ይታሰርበታል። ባዶ የቀሩት ቅጠሎች የርስትና የስጦታ ውል ሲጻፍባቸው ኖረዋል፤ በአንዳንድ ቤትም የልጆች የልደት ቀን በዳዊቱ ወይም በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ቆዳ፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ክርና ቀለም በአንድ ጥራዝ ከተያያዙ ሚክስድ ሚዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል? በዘመናችንም ኤልያስ ስሜ ቁልፍን፣ ክርንና ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተፈታ ሽቦን እያያያዘ በሠራቸው ሥራዎች በዓለም የታወቀ ሠዓሊ ሆኗል።

ለደብተሩ የሚሆነውን የውኃ ቀለም በቤት ማዘጋጀት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ እጅ የተወቀጠ ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውኃ ተነክሮ ያድርና፣ የግንዱ ቅርፊትና አሸዋው እንዲቀር በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል፤ ቀለሙ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ጥቂት ማር፣ እንዳይሻግት ደግሞ ቅርንፉድ ይጨመርበታል። ከዚያ የምጣድ ጥቀርሻ ሲታሽበት ጥቁር፣ የተነፋ ቀይ አፈር ሲታሽበት የሸክላ መልክ ያለው ቀለም ይወጣል። ሙጫ፣ ማርና ቅርንፉድ ሦስቱም የሚበሉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሠዓሊውና ዳቦ ጋጋሪዋ በአንድ መደርደሪያ ፊት መቆማቸው ነውና።

ኬኩ በቆላ የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ኬክ ቶሎ ኩፍ ብሎ መሐሉ ይሰምጣል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች በሆነችው ሸሕዲ ግን ይህ ችግር እምብዛም ሳይሆን፣ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ፣ በ35 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው ቅቤ የገባበት ክሬም ሻማው ሳይለኮስ ከኬኩ ጎን ይወርዳል። የአገሩ እህል ማሽላም ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚስበው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ስለሌለው ብቻውን አይነፋም፤ በስንዴ ዱቄት መደገፍና እንቁላሉን አረፋ እስኪሆን መምታት ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ በክሬም ፋንታ የተጣራ የሙጫ ውኃ ከደቀቀ ስኳር ጋር ተለውሶ ቢቀባ፣ ደረቁ የቆላ አየር ራሱ ያደርቀውና አንጸባራቂ ሽፋን ይሆናል፤ የከተማው ኬክ ቤት በማቀዝቀዣ የሚያገኘውን ጥንካሬ የሸሕዲ ፀሐይ በነጻ ይሰጣል ማለት ነው።

የልደት በዓል በኬክ መከበሩ ለአብዛኛው ቤት አዲስ ነገር ነው፤ ነባሩ ሥርዓት ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን የሚፈጸመው ክርስትና ነበርና። የልደት ቀንን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በዘመቻ፣ በድርቅ ወይም በመከር ነበር። ስለዚህ የልደቱን ቀን፣ የሚመጡትን እንግዶች፣ የዚያን ዓመት የሰሊጥ ዋጋ የያዘ አንድ የሥዕል ማስታወሻ ገጽ ለልጁ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው።

ሙጫን በጆንያ ሸኝቶ በትንንሽ የቀለም ቱቦና በኬክ ማስጌጫ መልክ መልሶ መግዛት የማያስፈልግ ወጪ ነው። የልጁን ስም በሙጫ ውኃ በኬኩ ላይ ጽፎ፣ ሳይደርቅ የታመሰ ነጭ ሰሊጥ ነስንሶ፣ ያልያዘውን አራግፎ መጣል፤ ከዚያም ይህንኑ በደብተሩ ገጽ ላይ መድገም ይቻላል። ሙጫው አንድ ነው፤ ሰሊጡም አንድ ነው፤ ብሩሾቹ ግን ለየብቻ ይሁኑ።