ማደስ ሌላ፥ መፋቅ ሌላ

አሮጌ ዕቃ የወረሰን ወጣት ሁለት ነገር ይፈትነዋል፤ አንደኛው መጣል፥ ሁለተኛው አዲስ ማስመሰል ነው። እኛ ይልቁን የምንፈራው ሁለተኛውን ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጃችን ከአያቱ የወረሰውን የአደን ጠመንጃ አሳየን። ጠመንጃው በኦስትርያ፥ በስታየር ከተማ የተሠራ ማንሊከር ሾናወር ነው፤ ዓይነቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 የወጣ ሲሆን፥ ዋልነት ከሚባለው እንጨት የተበጀው ሰደፍ እስከ አፈ ሙዙ ይዘልቃል። ወዳጃችን በእንጨቱ መጥቆር ስላፈረ ለአናጢ ሰጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ ቫርኒሽ አስቀብቶታል። እንደ አዲስ ጠረጴዛ ያብለጨልጫል።

ነገር ግን እንጨቱ ከብረቱ በታች ወርዷል፤ እጅ እንዳያዳልጥ በመያዣው ላይ የተቀረጸው መረብ መሰል ጥርብም ጠፍቷል። አያቱ በካራ ያበጇት ትንሽ ምልክት በሰደፉ ሥር እንደ ነበረች ነግሮን ሊያሳየን ገለበጠው። ቢፈልግ አጣት። «ትመለሳለች ወይ?» ብሎ ጠየቀን። አትመለስም።

ይህን ስንል ሰደፍ አይታደስ ማለታችን አይደለም። አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ዐዋቂ ይመርምር፤ እንጨቱም ከብረቱ ይለይ። እድፉ በተርፔንታይን በራሰ ጨርቅ በቀስታ ይጠረግ። እንጨቱ ሳይሰበር የተጎደጎደ እንደ ሆነ፥ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ የጋለ ካውያ ማሳረፍ ነው፤ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት አሳብጦ ያነሣዋል። ከዚያም በጾም ቀን በየቤታችን ከሚበጠበጠው ከተልባ የሚወጣውን ዘይት ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በመዳፍ ማሸት፥ የተረፈውን መጥረግና ቀናት መታገሥ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ የቸኮለ ሰው የሚያጣብቅ ሰደፍ ያተርፋል። ዘይት የጠጣውም ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢከመር በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል፥ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

እድፍና ዕድሜ አንድ አይደሉም። እድፍ ይጠረጋል፤ ዕድሜ ግን ይጠበቃል። ወጣቶች ሆይ፥ ጠመንጃም ቢሆን፥ መዝገብም ቢሆን፥ የቀደሙት ሰዎች የሠሩበትን ነገር ስትረከቡ፥ ከመፋቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተፋቀ እንጨት ግን አይለቀምም።