የወለጋ ባለ በረንዳ ቤቶችና የሲሚንቶ ጥገና

በነቀምቴ ስለ ታሪካዊ ሕንፃ ሲነሣ አስቀድሞ የሚወሳው የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ነው፤ ይገባዋልም። ከዚያ ግቢ ውጭ ግን በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በአይራና በደምቢ ዶሎ የሚገኙ ባለ አንድ ፎቅ፣ ባለ በረንዳ መኖሪያ ቤቶች ጠያቂ አጥተዋል። እነዚህ ቤቶች የሚጠፉት በማፍረስ ብቻ ሳይሆን በጥገናም ጭምር መሆኑ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም።

ባንጋሎ የሚለው ስያሜ መነሻው ቤንጋል ነው። የቤቱ ዓይነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአንድ በር አይደለም። በአዲስ አበባ የሠሩ የህንድና የአርመን ግንበኞች አንዱ መንገድ ናቸው፤ ወደ ምዕራብ የዘለቁ ሚሲዮኖች ደግሞ ሌላው። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1919 በሳዮ (ደምቢ ዶሎ)፣ የሄርማንስቡርግ ጀርመናውያን ደግሞ በ1928 በአይራ ጣቢያ መሥርተዋል። ዋናው ጉዳይ ግን የአገሬው አናጢ ቅርጹን ተቀብሎ በሚያውቀው እንጨት፣ ማገርና ጭቃ እንደገና መሥራቱ ነው። ስለዚህ ቤቱን «የባዕድ» ብሎ መተው የአናጢውን ድርሻ መካድ ይሆናል።

የቤቱ አሠራር ለአካባቢው ተስማሚ ነው። የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናቡም ብዙ ነው። ሰፊው የቆርቆሮ ክፈፍና በረንዳው የጭቃውን ግድግዳ ከዝናብ ያርቁታል፤ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት እርጥበት ከፍ ያደርገዋል፤ ከጣውላው ወለል በታች ያለው ባዶ ቦታም አየር ያስተላልፋል። በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ምስጥ የታወቀ ጠላት ነው። ክፍት የሆነ የድንጋይ መሠረት ምስጡን አያግደውም፤ የሚወጣበትን የአፈር መንገድ ግን ለዓይን ያጋልጣል፤ ባለቤቱም በጊዜ ይጠርገዋል።

ዛሬ በየከተማው «እድሳት» የሚባለው ሥራ ይህን ሁሉ ይሽራል። ምርጊቱ ተነሥቶ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ወለሉ በኮንክሪት ይሞላል፤ በረንዳው ተዘግቶ ክፍል ይሆናል። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን በተሰነጠቀበት በኩል የገባውን ውኃ ያፍነዋል፤ ከጀርባው ያለው እንጨት በስውር ይበሰብሳል፤ ምስጡም የተሸፈነ መንገድ ያገኛል። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲረግፍ ጥፋቱ የአሮጌው ቤት ይመስላል። የማፍረሻው ማስረጃም በዚሁ መንገድ ይዘጋጃል።

ነዋሪውን መውቀስ ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። ብዙዎቹ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት የተዛወሩ ናቸው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ቤት በውድ ጣውላ እንዲጠግን አይጠበቅም፤ የሚሰበሰበው አነስተኛ ኪራይም ለጥገና አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ይሁን እንጂ በቅርስነት ያልተመዘገበ ቤት ከዚህ ጥበቃ አይደርሰውም። የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች በተስፋፋበት በአሁኑ ወቅት ምዝገባውን ማዘግየት ከውሳኔ አይተናነስም።

ቤቶቹ ሙዚየም ይሁኑ ማለት አይደለም። ሰው ይኑርባቸው። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ከጀርባ ተለይተው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ድሮም ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት የተነጠለ ነበር። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ ኖራ ይቀባ፤ የበሰበሰው ቋሚ ብቻ ይለወጥ፤ አሸንዳው በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ይጠረግ። ይህን ሥራ የሚያውቁ አናጢዎች አርጅተዋል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መቀመጫው ነቀምቴ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ አንድ ቤት በሜትር ለክተው ቢነድፉ፣ የእንጨቱን ዓይነትና የአናጢውን ቃል ቢመዘግቡ፣ ከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ በሚሰጥበት ዕለት የሚያገላብጠው ሰነድ ይኖረዋል። ይህ ሰነድ ከቀጣዩ ክረምት በፊት ሊጀመር ይችላል።