መብራቱ ከጉባ መጣ፤ መዝገባችንስ በማን እጅ ነው?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነጋዴው ቦንድ ገዝቶ፣ ከኪሱ አዋጥቶ የተሠራ ግድብ ነው። ታዲያ ያዋጣው ነጋዴ በኃይሉ ምን ይሠራበታል? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መልሱ የሚጀምረው ከፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ካለው ኮምፒዩተርም ነው።

አንድ የአሶሳ የማንጎና የሰሊጥ ነጋዴ በምሳሌነት እንውሰድ። ግዢው በደብተር፣ ዱቤው በሒሳብ ሠራተኛው ጭንቅላት ነው። ሠራተኛው የቀረ ዕለት ዱቤውም ይቀራል። ሠልጥኛለሁ የሚለው ደግሞ በኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም በየወሩ ይከራያል። መስመር ሲቋረጥ መዝገቡም አብሮ ይቆለፋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በተቋረጠ ጊዜ ምን እንደደረሰ ገበያው አይረሳውም።

ሰርቨር ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው በቀዝቃዛ ክፍል የተደረደረ ውድ መሣሪያ ነው። በመሠረቱ ግን ሰርቨር ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ በተራ ኮምፒዩተርም ይሠራል። ዛምፕ የተባለው ጥቅል በነፃ ይገኛል፤ ገጹን የሚያቀርበውን አፓቼን፣ መረጃውን የሚይዘውን ማሪያዲቢንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ፒኤችፒን አንድ ላይ ይዟል። ጥቅሉ ተጭኖ ሁለቱ አገልግሎቶች ከተነሡ በኋላ በማሰሻው ላይ «ሎካልሆስት» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ በመሆኑ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ፒኤችፒማይአድሚን በተባለው ገጽ ሦስት ሠንጠረዦች ይከፈታሉ፦ ዕቃ፣ ደንበኛ፣ ሽያጭ። የደንበኛው ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ሽያጩ በደንበኛው ቁጥር ይመዘገባል። «ማን ስንት ቀረበት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአፍታ ይመጣል።

ጀማሪውን የሚያሰናክሉ ነገሮች አሉ። ዳታቤዙ ሲፈጠር «ዩቲኤፍ-8» የተባለው የፊደል አሠራር ካልተመረጠ የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቀን ዓምዱ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው፤ 13ኛ ወር ብሎ ጳጉሜን የጻፈ ስህተት ይገጥመዋል። ስለዚህ ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጦ ሲታይ ወደ እኛ መመለስ ይሻላል። ከሁሉም የሚከፋው ዋናው ተጠቃሚ ያለ የይለፍ ቃል መምጣቱ ነው። ዛምፕ ለመማሪያና ለሙከራ የተዘጋጀ በመሆኑ በቀጥታ ለኢንተርኔት መከፈት የለበትም። ለዕለት ሥራ ሲታሰብ እነዚሁኑ ፕሮግራሞች ባለሙያ ለየብቻ አጥብቆ ይጫናቸው።

«ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ሥጋት ነው። ማታ ማታ የዳታቤዙን ግልባጭ በፍላሽ ገልብጦ ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥ ግድ ይላል። ደብተር ቢቃጠል ግን ግልባጭ የለውም።

ኢንተርኔቱ ይቅር ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ መዝገቡ በእጃችን ይሁን፤ ወደ ውጭ ማውጣቱ ይደርሳል ነው። ጉባም ቢሆን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ማመንጨት የጀመረው በአንድ ተርባይን ነበር። ነጋዴውም በአንድ ሠንጠረዥ ይጀምር።