ምክንያት እና ሰበብ፦ ከ"ድራጎን ኤጅ" ገጸ ባህሪያት የማን የኋላ ታሪክ ይበልጣል?

ጌም ከሚጫወቱ ጓደኞቼ ጋር የማያልቅ አንድ ክርክር አለን። "ድራጎን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ" ላይ ካሉት ገጸ ባህሪያት የማን የኋላ ታሪክ ይበልጣል? ሰሞኑን እንደገና ተነሳና ሁሉም በአንድ ድምፅ "አሊስተር!" አሉ። እኔ ብቻዬን "ስቴን" አልኩ። ተሳቀብኝ። በዚያች ሰዓት በቅጡ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ላስፍረው ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

(ጌሙን ልትጫወቱት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። ታሪኩን ዘርግፌ ነው የምጽፈው።)

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጌሙን የሠራው ባዮዌር የሚባል የካናዳ ድርጅት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አርጅቷል፤ ግን በማርጀቱ የኔ ዓይነቱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ታሪኩ ፈረልደን በምትባል አገር ነው። ከመሬት ሥር ዳርክስፖን የሚባሉ ክፉ ፍጡራን እየወጡ አገር ያጠፋሉ። ወረራው "ብላይት" ይባላል። ይህን ማስቆም የሚችሉት ግሬይ ዋርደን የሚባሉ ተዋጊዎች ናቸው፤ አንተም ከእነሱ አንዱ ትሆናለህ።

"ኦሪጅንስ" የተባለው እንዲሁ አይደለም። ስትጀምር ከስድስት መነሻ ታሪኮች አንዱን ትመርጣለህ። የመኳንንት ልጅ ሆነህ፣ የአባትህ ወዳጅ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ቤተሰብህን ሲፈጅ ልታይ ትችላለህ። ዴነሪም ከተማ ውስጥ በግንብ በታጠረው የኤልፎች ሰፈር ተወልደህ፣ በሠርግህ ቀን የገዢው ልጅ መጥቶ ሴቶቹን ጠልፎ ሲወስድ ልታይም ትችላለህ። የኔ ምርጫ ግን ኦርዛማር በምትባለው የድዋርፎች የምድር ውስጥ ከተማ ያለው የአቧራ ሰፈር ልጅ ነው። መደብ የለውም። መደብ የሌለው መሆኑ እንዲታወቅ ፊቱ ላይ ምልክት አለበት። ይህ ልጅ የሌላ ሰው ጥሩር ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ትልቅ የፍልሚያ ውድድር ውስጥ ይገባና ሁሉንም ያሸንፋል። ከዚያ ማንነቱ ይታወቃል። ታዲያ ይሸለማል? ይታሰራል እንጂ! እሱን የሚያህል ሰው ማሸነፉ ራሱ ወንጀል ነው።

የጌሙ ጉብዝና ግን ከዚያ በኋላ ነው። መነሻህ ተረስቶ አይቀርም። ከብዙ ሰዓት በኋላ ወደ ተወለድክበት ትመለሳለህ። የመኳንንቱ ልጅ የቤተሰቡን ገዳይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። የኤልፎቹ ሰፈር ልጅ ሲመለስ አባቱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ያገኘዋል። የአቧራ ሰፈሩ ልጅ ደግሞ ትናንት ሊገድሉት የነበሩ ሰዎች ዛሬ እርዳታውን ሲለምኑት ይሰማል። ያለፈው ነገር እንደ ዱቤ ነው፤ ተረሳ ስትል መጥቶ ክፈለኝ ይልሃል።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ጓደኞቼ የኋላ ታሪክን የሚመዝኑት በሐዘኑ ነው። ማን የበለጠ ተበደለ? ማን የበለጠ ያስለቅሳል? እኔ ግን ሌላ ሚዛን አለኝ። በአማርኛችን ሁለት ቃላት አሉ፤ ብዙ ጊዜ እናምታታቸዋለን። አንዱ "ምክንያት" ነው፣ ሌላው "ሰበብ"። ምክንያት አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ያስረዳሃል። ሰበብ ግን ተጠያቂነትን የምታመልጥበት ቀዳዳ ነው። ለኔ ጥሩ የኋላ ታሪክ ማለት ምክንያቱን ቁልጭ አድርጎ አሳይቶ ሰበብ ግን የሚከለክል ነው።

እስቲ በዚህ እንመዝናቸው።

አሊስተር፦ እንዲወደድ ሆኖ ነው የተጻፈው፤ እኔም እወደዋለሁ። የንጉሥ ማሪክ ዲቃላ ነው። ሬድክሊፍ በአርል ኤመን ግቢ፣ በፈረሶች ጋጣ አደገ። የጌታው ሚስት ዓይኑን ማየት ስለጠላች በ10 ዓመቱ ወደ ሃይማኖት ቤት ተላከ። ሲሄድ በንዴት የእናቱን መታሰቢያ የአንገት ጌጥ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበረው። በኋላ የኤመንን የሥራ ክፍል ስትፈትሽ ያ ጌጥ ተጠግኖ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ሰውዬው ስብርባሪውን ለቅሞ፣ አጣብቆ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አስቀምጦታል። አምጥተህ ስትሰጠው አሊስተር የሚሆነውን ማየት ነው! ከዚያ ደግሞ አለኝ ብሎ የሚናፍቃትን እህቱን ፍለጋ ትሄዳላችሁ። ልብስ እያጠበች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። እቅፍ አድርጋ ትቀበለኛለች ብሎ የሄደውን ልጅ ስለ ገንዘብ ታወራዋለች።

ያሳዝናል፣ አልክድም። ግን ልብ በሉ፤ አሊስተር በታሪኩ ውስጥ የተበደለ ነው እንጂ የበደለ አይደለም። ስለዚህ ከኛ የሚፈለገው ማዘን ብቻ ነው። ማዘን ደግሞ ቀላል ነው።

ዜቭራን፦ እዚህ ጋ ነገሩ ከበድ ይላል። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች። ገና ልጅ ሳለ "ክሮውስ" የሚባሉ የነፍሰ ገዳዮች ማኅበር በሦስት የወርቅ ሳንቲም ገዙት። ሲያድግ ለማስታወስ እንኳ በማይመቸው ብዛት ገደለ። አንተን ለመግደል ተቀጥሮ መጥቶ ሲሸነፍ ነው የምታውቀው። መጀመሪያ ሁሉን በቀልድ ያልፈዋል። ቆይቶ ሲያምንህ ነው እውነቱን የሚነግርህ። ሪና የምትባል የሥራ ጓደኛው ከዳችን ተብሎ ከሌላ ጓደኛው ጋር ሆነው ገደሏት። በኋላ እንዳልከዳች ታወቀ። አንተን የመግደሉንም ሥራ የተቀበለው እሞትበታለሁ ብሎ ነበር።

በሦስት ሳንቲም መሸጡ ምክንያት ነው። ለብዙ ነገር ምክንያት ነው። ስለ ሪና ሲያወራ ግን ሳንቲሞቹን አያነሳም። ይህን ስትሰማ ልጁ ከቀልዱ ሥር ሰው እንደሆነ ይገባሃል። ለኔ ሁለተኛ ነው።

ሎጌይን፦ ጓደኞቼ ወራዳ፣ ከሐዲ ይሉታል። ነውም። ኦስታጋር ላይ ጦሩን ይዞ ሸሽቶ የገዛ ልጁን ባል ንጉሥ ኬይለንን በዳርክስፖን አስበልቷል። ግን ታሪኩን ወደኋላ ሂዱበት። የገበሬ ልጅ ነው። አገሩ በኦርሌ በተያዘችበት ዘመን ከማሪክ ጋር ሆኖ ታግሎ ነጻ ያወጣት ጀግና ነው። ወራሪ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። ኬይለን የኦርሌን ወታደር ለእርዳታ ሊጋብዝ ሲያስብ ሎጌይን የሚያየው እርዳታ ሳይሆን የድሮው ወረራ ሲመለስ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ምክንያት አለው።

ነገር ግን ያ ፍርሃት እያደር ሁሉን የሚሸፍን ብርድ ልብስ ሆነለት። ንጉሡን መተው፣ ለአገር ነው። ግሬይ ዋርደኖችን ገዳይ ብሎ መወንጀል፣ ለአገር ነው። በመጨረሻም የራሱን አገር ኤልፎች ለባሪያ ነጋዴ ሸጦ በገንዘቡ ጦር መቀለብ፣ እሱም ለአገር! ምክንያት ሲበሰብስ ሰበብ ይሆናል። ባሪያ ሻጩን ሰው ጀግናው ወጣት መሰከረለት ማለት ነው።

እዚህ ጋ ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። አስተማሪ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የቤት ሥራ ሳይሠራ ደጋግሞ ሲመጣ ክፍል ፊት አቁሜ ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አውጥቶ አያውቅም። አንዲት ባልደረባዬ "ምነው እንዲህ አደረግከው?" ስትለኝ "እኛም እንዲህ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?" አልኳት። አባቴ ኃይለኛ ነበር፣ እውነት ነው። ያስተማሩኝም እንደዚያው። ይህ ምክንያት ነው። ያን ቀን ከአፌ ሲወጣ ግን ሰበብ ነበር። ሎጌይንን ስሰድበው የኖርኩት ሰውዬ፣ ለካ አነጋገራችን አንድ ነው።

አሁን ስቴንን ለምን እንደመረጥኩ ይገባችኋል።

ስቴን ሎዘሪንግ በምትባል መንደር ዳር፣ በብረት ጎጆ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚገኘው። የሚያበላው የለም፤ ሞቱን ይጠብቃል። ኩናሪ የሚባሉት ሕዝብ ወታደር ነው። "ስቴን" ራሱ ስሙ አይደለም፣ ማዕረጉ ነው። መንደርተኛውን ስትጠይቅ "አንድ ገበሬ ቤተሰብ ከነልጆቹ ጨርሷል" ይሉሃል። እሱን ስትጠይቀው "አይ፣ ነገሩ እንዲህ ነበር" አይልህም። አዎ ነው መልሱ።

ሙሉውን የምትሰማው ከጎጆው አውጥተህ፣ አብሮህ ብዙ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው፤ ያውም እየነዘነዝከው። አለቃው "ብላይት ምንድን ነው?" ብሎ መልስ እንዲያመጡ ከጓደኞቹ ጋር ልኮት ነበር። ሐይቅ ዳር ዳርክስፖን አጠቃቸው፣ ጓደኞቹ አለቁ። እሱን ቆስሎ ወድቆ ያገኙት ገበሬዎች ቤታቸው ወስደው አስታመሙት። ሲነቃ ሰይፉ የለም። በኩናሪ ዘንድ የወታደር ሰይፍ ነፍሱ ነው፤ ያለ ሰይፉ አገሩ ቢመለስ እንደከዳ ተቆጥሮ ይገደላል። ደነገጠ። ያዳኑትን ሰዎች ገደላቸው። ከዚያ አልሸሸም፤ ተቀምጦ መንደርተኛው መጥቶ እስኪይዘው ጠበቀ።

ይህን ሁሉ ሲናገር ግን "ደንግጬ ስለነበር ነው" ብሎ አያቆምም። ሰዎቹ ሰይፉን እንዳልወሰዱት ያውቅ እንደነበር፣ የሚዋሹበትም ምክንያት እንዳልነበራቸው ራሱ ይነግርሃል። ራሱን ነጻ ሊያወጣ የሚችለውን ቀዳዳ በገዛ እጁ ይደፍነዋል። ምክንያት አለ፤ ሰበብ የለም። እኔ በጌም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አላየሁም።

ከዚያ ሰይፉን ፍለጋ ትሄዳለህ። ከሐይቁ ዳር ወደ ተራራው፣ ከተራራው ወደ ሬድክሊፍ፤ አንዱ ለሌላው ሸጦት ነው። አግኝተህ ስትሰጠው ስቴን ነፍሱን አገኘ፣ አገሩ መግባት ይችላል። ገበሬዎቹ ግን አልተነሱም። ጌሙም "ይቅር ተብለሃል" የሚል ነገር አይጨምርበትም።

በነገራችን ላይ መጀመሪያ ስጫወት ስቴንን ጎጆው ውስጥ ትቼው ነው ያለፍኩት። "ልጅ የገደለ ሰው ምን ያደርግልኛል?" ብዬ። ሎዘሪንግን ቆይቶ ዳርክስፖን አጠፋት፤ እሱም እዚያው ቀረ። ሁለተኛ ስጫወት ነው ቁልፉን ለምኜ ያወጣሁት። ታሪኩን ሳልሰማ ስፈርድም ሰምቼ ሳወጣውም፣ የሠራው ሥራ አንድ ነበር። የተለየው ከዚያ በኋላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው።

ልጁን ደግሞ በኋላ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ አባቴ ምንም አላነሳሁም። "ችግር የለም ቲቸር" አለኝ። ችግር እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ከዚያ በኋላ ክፍል ስገባ ዓይኑን ማየት ችያለሁ።

ስለዚህ ድምፄ ለስቴን ነው። ከዚያ ዜቭራን፣ ከዚያ ሎጌይን፣ አራተኛ አሊስተር። የአሊስተር ወዳጆች አትቆጡ፤ ልጁን አልጠላሁትም።

እናንተስ? ከየትኛውም ጌም ይሁን፣ የማን ታሪክ ነው ውስጣችሁ የቀረው? ብቻ "በጣም ያሳዝናል" ብላችሁ አትለፉኝ፤ ለምን እንደሆነ ጻፉልኝ።