ገመዱን የያዘ ይከተል

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፥ በምኖርበት ሰፈር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ያሳደጋትን ነጭ ጥንቸል አንገቷን በሲባጎ አስሮ ወደ ሜዳ ይዟት ወጣ። ጥንቸሊቱ ሣሩን ስታይ አልቦረቀችም፤ ጆሮዎቿን በጀርባዋ ላይ አስተኝታ መሬት ላይ ተለጥፋ ቀረች። ልጁም «ጋሼ፥ እንቢ አለችኝ» አለኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁ ሰው ነኝና «እንዲህ ነው የሚደረገው» ብዬ ሲባጎውን ተቀብዬ ሳብ አደረግሁት። በዚያው ቅጽበት በአጠገባችን ውሻ ጮኸ። ጥንቸሊቱ ባለ በሌለ ኃይሏ ስትፈናጠር ሲባጎው መልሶ ጣላት። ከዚያ ወዲያ የኋላ እግሮቿ አልታዘዙላትም። የእንስሳት ሐኪም አይቶ የወገቧ አጥንት መሰበሩን ነገረን፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጁ አልወቀሰኝም፤ ነገር ግን ሲባጎውን የሳበው እጅ የማን እንደ ነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ጥንቸልን በገመድ ማንሸራሸር ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጥንቸል በገዛ ፈቃዷ ወደ ሣጥን አልገባችም። ለማየት ደስ ስለምትለን ያስገባናት እኛው ከሆንን፥ አልፎ አልፎ ለምለም ሣር እንድትረግጥ ማድረግ ግዴታችን እንጂ ቅብጠት አይደለም። ክርክሩ በመውጣቷ ላይ ሳይሆን በአወጣጧ ላይ ነው።

ስሕተታችን የሚጀምረው ከስሙ ይመስለኛል። በሜዳ የምትሮጠውንም፥ በቤት የምትረባውንም በአንድ ስም «ጥንቸል» እንላቸዋለን፤ ዘራቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። የአገራችን የዱር ጥንቸል ከሣር ሥር አድፍጣ ትውላለች፤ ጠላት ሲመጣባት በሩጫዋ ትተማመናለች። የቤቲቱ ጥንቸል ግን የመጣችው በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ጉድጓድ ቆፍሮ ከሚኖር ወገን ነው፤ ስትደነግጥ የምትፈልገው ሜዳ ሳይሆን ጉድጓድ ነው። እንግዲህ እኛ «ሰፊ ሜዳ አወጣናት» ብለን ስንደሰት፥ እርሷ መሸሸጊያ በሌለበት ቦታ እንደ ተጣለች ትቆጥረዋለች።

ሁለተኛው ነገር አካሏ ነው። የጥንቸል አጥንት ከጠቅላላ ክብደቷ ከመቶ 8 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ የድመት ግን ከመቶ 13 እጅ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ቀላል አጥንት ላይ ያሉት የኋላ እግሯ ጡንቻዎች ደግሞ እጅግ ብርቱ ናቸው። ስለዚህ ደንግጣ በምትፈናጠርበት ጊዜ አንድ ነገር ድንገት ቢያግዳት፥ የገዛ ኃይሏ የገዛ ወገቧን ሊሰብር ይችላል። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ በዚህ ላይ ማነቅን ይጨምራል። የሚገባት ደረቷንና ሆዷን ዙሪያውን የሚይዝ፥ ከገመዱ ጋር በጀርባዋ ላይ የሚገናኝ ለስላሳ መታጠቂያ ነው። በመታጠቂያውና በሰውነቷ መካከል አንድ ጣት መግባት አለበት፤ ከዚያ ከላላ ታመልጣለች፤ ከጠበቀ ትንፋሽ ያጥራታል። ገመዱም ቀላልና 2 ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል።

መታጠቂያውን አስሮ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣትም አይገባም። በመጀመሪያ እቤት ውስጥ የምትወደውን ቅጠል እየበላች ለጥቂት ደቂቃ ትልመደው። ቀጥሎ በየቀኑ ጊዜውን ማራዘም፥ በመጨረሻም ገመዱን ጨምሮ ወደ ፈለገችበት መከተል ነው። ይህ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መቸኮል ግን ምን እንደሚያስከትል እኔ አይቻለሁ።

በስዊድን አገር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ፥ ጥንቸሎች እንደ ፈረስ መሰናክል የሚዘሉበት ውድድር አለ። የሚዘሉትም በመታጠቂያና በገመድ ተይዘው ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ደንቡ ነው፤ ከፊት የምትሄደው ጥንቸሊቱ ስትሆን ባለ ገመዱ ከኋላ ይከተላል፤ በገመዱ ጎትቶ ሊያሻግራት አይፈቀድለትም። ገመዱ ከአደጋ መጠበቂያ እንጂ ማዘዣ አይደለም ማለት ነው። ተምረን ሥራ የያዝን ወጣቶች ግን ገመድ በእጃችን ሲገባ አስቀድሞ የሚመጣልን ሐሳብ መሳብ ነው።

የሚወጡበትም ቦታና ሰዓት መመረጥ አለበት። ጥንቸሊቱን እስከ ሣሩ ድረስ በሣጥን ተሸክሞ መውሰድ፥ ሣጥኑንም በአንድ በኩል ከፍቶ እንደ ጉድጓድ እንዲያገለግላት አጠገቧ ማስቀመጥ መልካም ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበት ሣር፥ ውሻ የሚመላለስበት ሜዳ፥ ጭልፊት የሚያንዣብብበት ገላጣ ቦታ አይሆናትም። ጥንቸል እንደ ሰው አታልብም፤ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስወጣው በጆሮዎቿ ነውና፥ በጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ እንጂ በቀትር አትውጣ። ትንኝና ቁንጫ የሚያስተላልፉት ሚክሶማቶሲስ የተባለው በሽታ ባለባቸው አገሮች ደግሞ ሳትከተብ መውጣት የለባትም። ከግንድ ጋር አስሮ ትቷት መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ ገመዱን በጥርሷ ለመቁረጥ ጊዜ አይፈጅባትም። ተለጥፋ ከቀረች ወይም በኋላ እግሯ መሬቱን ከደበደበች «ፈራሁ» ማለቷ ነው፤ የዚያ ቀን ሽርሽር በዚያው ያብቃ።

«ጥንቸል ጨርሶ በገመድ መያዝ የለባትም» የሚሉም አሉ። ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። ምንም ቢያለማምዷት መታጠቂያውን የማትወድ ጥንቸል አለች፤ እርሷን ማስገደድ ጭካኔ ነው። ዙሪያውንና ላዩን በሽቦ መረብ የታጠረ ቦታ ማዘጋጀት የሚችል ሰውም ገመድ አያስፈልገውም፤ ያ ይበልጣል። ነገር ግን ግቢ የሌለው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ለእርሱና ለተለማመደች ጥንቸል ገመዱ በአግባቡ ከተያዘ ይበጃል።

ያ ልጅ አሁን ሌላ ጥንቸል አለው። እሑድ ጠዋት ሣጥኑን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ገመዱን የሚይዘው ግን እርሱ ነው። እርሷ ከፊት ትቀድማለች፥ እርሱ ይከተላል፥ እኔ ውሻ እንዳይመጣ ዙሪያውን እጠብቃለሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምንሄደው ርቀት ከአሥር እርምጃ አይበልጥም፤ ሽርሽሩ የእርሷ ነውና ይበቃናል።