ፈቃዱ የጠመንጃው ነው ወይስ የተኩሱ?

ሰሞኑን ሞጆ፣ የሐዋሳው መንገድ ከሚገነጠልበት አካባቢ ሻይ ስጠጣ፣ የመጋዘን ዘበኛ የሆኑ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ የሆዳቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ድርጅቱ ያስታጠቀኝን ጠመንጃ ይዤ ቤቴ ብገባ ጥፋት አለው? ሌባ ሰርቆ ሲሮጥስ ብተኩስ? ፈቃድ አለው እኮ!»

«ጋሼ፣ ፈቃዱ በማን ስም ነው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ወረቀቱን አይተውት አያውቁም።

ሞጆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጅቡቲው መንገድ ያልፍባታል፤ ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካውና መጋዘኑም አለ። ንብረት ባለበት ዘበኛ፣ ዘበኛ ባለበት ጠመንጃ አይጠፋም። የጠፋው ሕጉን የሚያስረዳ ነው!

ለመሆኑ ሕግ ጠፍቶ ነው? አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ራሱን የቻለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ የወጣው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። 25 ዓመት ሙሉ! ለማውጣት ይህን ያህል ከፈጀ፣ ለማስረዳት ስንት ሊፈጅ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈቃድ ሁሉ አንድ አይደለም። ለግለሰብ የሚሰጥ አለ፤ ለድርጅት የሚሰጥ አለ። የድርጅቱ ጠመንጃ የድርጅቱ መጠበቂያ እንጂ የዘበኛው የግል ንብረት አይደለም። የግል ፈቃድ ያለውም ቢሆን ፈቃዱ በስሙ ነው፤ ለወንድሙ አያውሰውም። «ፈቃድ አለኝ» ብሎ ድኩላ ሊያድን የሚወጣም ተሳስቷል፤ አደን በዱር እንስሳት ሕግ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውስ? ወደ ላይ የወጣች ጥይት እኮ እዚያው አትቀርም!

ዋናው ቁም ነገር ግን ይሄ ነው፤ የመያዝ ፈቃድ የመተኮስ ፈቃድ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት መከላከል ሕጋዊ የሚሆነው፣ ሕገወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ሌላ ማምለጫ ሲጠፋና እርምጃው ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ታዲያ አንድ ጥቅልል ቆዳ ይዞ የሚሮጥን ሰው ጀርባውን መምታት ከዚህ የቱ ጋ ይገባል? ያን ቀን ዳኛ ፊት የሚቆሙት እኚህ አዛውንት ናቸው። ያስታጠቃቸው ባለሀብት ቢበዛ ሌላ ዘበኛ ይቀጥራል!

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው አካል የትኛው ፈቃድ ምን እንደሚያስደርግ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ በየቀበሌው ይለጥፍ። አሠሪም ዘበኛውን ጠመንጃ ከማስያዙ በፊት ያስረዳ፤ የፈቃዱንም ኮፒ ይስጠው።

ጋሼ ማታ ማታ ጥይታቸውን ቆጥረው ይረከባሉ። ሕጉንም አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ የሚያስረክባቸው ሰው ይኑር!