ፈተናውን ጥለን ድርሰቱን ያነገሥን ጊዜ

በአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ክርክር ውስጥ አንድ አስተሳሰብ እንደ ቀኖና ሲደጋገም ቆይቷል። መደበኛ የመግቢያ ፈተና የሀብታም ልጆች መሣሪያ ነው፤ ድርሰት፣ ቃለ መጠይቅና ከክፍል ውጭ የሚደረግ ተሳትፎ ግን «ሙሉውን ሰው» ስለሚያሳዩ ለድኻው ልጅ በር ይከፍታሉ የሚል ነው። ከወገኖቻችን መካከል ፖሊሲ የሚከታተለውና በየስብሰባው ስለ ፍትሐዊነት የሚናገረው የተማረ ክፍል ይህን አስተሳሰብ ያለ ምርመራ ተቀብሎታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ተቃራኒው ነው። ለገንዘብ ይበልጥ የሚታዘዘው ፈተናው ሳይሆን ድርሰቱና በዙሪያው የተሰለፈው መመዘኛ ሁሉ ነው። ፈተናው ሲወገዝ የሚጎዳውም የታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውና የአረጋውያን ተንከባካቢዋ ልጅ ነው።

ማስረጃውን እንመልከት። ራጅ ቼቲ፣ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ስምንቱን የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች ከስታንፎርድ፣ ከኤም አይ ቲ፣ ከዱክና ከቺካጎ ጋር መረመሩ። በገቢ ከላይኛው 1 በመቶ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ልጅ፣ ተመሳሳይ የኤስ ኤ ቲ ወይም የኤ ሲ ቲ ነጥብ ካለው የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ይልቅ ወደነዚህ ተቋማት የመግባት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልብ እንበል፤ የሁለቱ ልጆች ነጥብ እኩል ነው። በቅበላ ውሳኔ ላይ የታየውን ልዩነት የፈጠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለቀድሞ ተማሪዎች ልጆች የሚሰጠው ቅድሚያ፣ የስፖርተኞች ምልመላ፣ እንዲሁም ከትምህርት ውጭ ላሉ መመዘኛዎች የሚሰጠው ክብደት። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት እነዚህ ሦስቱ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ስኬት ጋር ግንኙነት የላቸውም። በአንጻሩ የትምህርት ውጤትና የፈተና ነጥብ ስኬቱን አስቀድመው ይጠቁማሉ።

ድርሰቱስ? በ2021 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀረቡ 60,000 ማመልከቻዎችን መረመረ። የድርሰቶቹ ይዘት ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያለው ትስስር፣ የኤስ ኤ ቲ ነጥብ ከገቢ ጋር ካለው ትስስር የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ፈተናው የሀብት ጥላ ካለበት፣ ድርሰቱ ላይ ያረፈው ጥላ የባሰ ነው።

የሚያሳዝነው ይህን የሚያመለክት ምክር አስቀድሞ መሰማቱ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያቋቋሙት ግብረ ኃይል በ2020 መጀመሪያ ባቀረበው ዘገባ፣ ፈተናው ችግረኛ ተማሪዎችን ለመለየት እንደሚረዳ ገልጾ ወዲያው እንዳይነሣ መክሮ ነበር። የበላይ ቦርዱ ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ፈተናው እንዲቀር ወሰነ። ኤም አይ ቲ በ2022 ፈተናውን መለሰ፤ በ2024 ደግሞ ዳርትማዝ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ተከተሉ። የዳርትማዝ ምሁራን ያገኙት በተለይ ለእኛ ሊከነክነን ይገባል። ነጥብ መላክ በፈቃደኝነት በነበረበት ጊዜ፣ ከችግረኛ ቤተሰብና ከደከመ ትምህርት ቤት የመጡ አመልካቾች ሊያስገባቸው የሚችለውን ነጥብ ደብቀው ነበር። ተቋሙ ነጥቡን ከልጁ ትምህርት ቤት ሁኔታ ጋር አመዛዝኖ እንደሚያይ የነገራቸው አልነበረም። የሀብታሙ ልጅ አማካሪ ይነግረዋል፤ የእኛ ልጅ በግምት ይወስናል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የመረጃ አለመመጣጠን የምንለው ይህ ነው። «በፈቃደኝነት» የተባለው ነጻነት መረጃ በሌለው ላይ የተጣለ ግብር ሆነ።

በእርግጥ የፈተና ነጥብም ከገቢ ጋር ይሄዳል። ይህን የሚክድ የለም። ነጥቡ የሚለካው ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያገኘውን ወይም የተነፈገውን ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ሚዛን መስበር የጎደለውን እህል አይሞላም። የፈተና ሥልጠናም በገበያው ላይ እንደሚወራለት ኃይል የለውም። የአሜሪካ የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2009 ያሳተመው ግምገማ፣ ሥልጠናው ከ1600 ላይ የሚጨምረው በአማካይ 30 ነጥብ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ከዚህም በላይ ካን አካዳሚ ከኮሌጅ ቦርድ ጋር በመተባበር ከ2015 ጀምሮ ዝግጅቱን በነጻ ያቀርባል፤ ብሉቡክ በተባለው የፈተናው መተግበሪያም ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ለድርሰት ግን እንዲህ ያለ የተከፈተ ጎተራ የለም። እዚያ የሚሸጠው የአንድ ሰው ጊዜና ጆሮ ነው፤ ዋጋውም በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው።

ይህ ገበያ ልጆቻችንን ምን እንደሚያስተምራቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 ዘርን መሠረት ያደረገ ቅበላን ሲከለክል፣ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ አንድ ቀዳዳ ተዉ፤ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ከጻፈና ጽሑፉ ከባሕርይው ወይም ከችሎታው ጋር ከተያያዘ፣ ተቋሙ ሊያየው ይችላል አሉ። ከዚያ ወዲህ መከራ ምንዛሪ ሆኗል። በየዓመቱ እንዳያቸው በሚላኩልኝ ድርሰቶች ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ ስላላየው ረሃብና ስላልተጓዘበት በረሃ ይጽፋል። የአያት ጀበና፣ የእናት እንባ፣ የአባት ሁለት ሥራ በተራ ይሰለፋሉ። እናቱ በእውነት ሁለት ሥራ ሠርታ ይሆናል፤ ነገር ግን 650 ቃላት የተሰጡት ስለ ራሱ አስተሳሰብ እንዲናገር ነበር። ወላጆቹን ለአንባቢ አዘኔታ የሚያቀርብ ድርሰት ቀርቶ፣ የአባቱን የታክሲ ገቢና ወጪ በሰንጠረዥ ሲመዘግብ ስለ ኪራይና ስለ ነዳጅ ዋጋ ምን እንደተረዳ የሚያስረዳ ድርሰት ይሻለዋል። የመጀመሪያው ድህነትን ለዕይታ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ልጁ እንዴት እንደሚያስብ ያሳያል። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ «ታሪክህን ሽጥ» ብለን የመከርነው እኛ ነን።

ቃለ መጠይቁ ሌላ ዐይነት ወጥመድ ነው። በእንግሊዝ አገር ላሉ ወገኖቻችን ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል፤ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ቃለ መጠይቁ ከትምህርቱ የማይለይ ምዘና ነውና። መምህሩ ልጁ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ጥያቄ ያቀርብለታል። የሚፈለገው የተሸመደደ መልስ ሳይሆን ልጁ ጮክ ብሎ ሲያስብ፣ ሲሳሳት፣ ፍንጭ ሲሰጠው ሐሳቡን ሲያርም ማየት ነው። እኛ ግን ልጅን በጨዋነት ስናሳድግ በታላቅ ፊት አንገቱን እንዲደፋ፣ ካልተጠየቀ እንዳይናገር፣ እርግጠኛ ካልሆነ ዝም እንዲል እናስተምራለን። ጨዋነቱ መልካም ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቆጠርበታል። ባህላችን ለዚህ መፍትሔ የለውም ማለት አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል፤ በማግስቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። በታላቅ ፊት ሐሳብን አውጥቶ መታረም ከእኛ ዘንድ ያልነበረ ነገር አይደለም። በእራት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ አስቀምጦ «ምን ታያለህ? ለምን እንዲህ ሆነ? ባይሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም።

የብዙዎቻችን ወላጆች ያለፉበት የማትሪክ ሥርዓት ጨካኝ ነበር። ግን ሕጉን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የባላገሩም የከተሜውም ልጅ የሚጠበቅበት ነጥብ ነው። ዛሬ ልጃቸውን «ነጥብ አምጣ» ብለው ብቻ የሚሸኙት፣ የቀረው የጨዋታ ሕግ ስላልተነገራቸው ነው። ሕጉን የምናውቀው እኛ ነን፤ አልፈንበታልና። ግን ዕውቀቱን እንደ እቁብ ይዘነዋል፤ ዕጣው ለደረሰው ብቻ። ሊሆን የሚገባው እንደ እድር ነበር፤ ችግር ለደረሰበት ሁሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠበቅብናል። አንደኛው በፖሊሲው መስክ ነው። ሜሪላንድ በ2024 የቀድሞ ተማሪዎችን ልጆች ማስቀደምን የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበሉ የግል ተቋማት ጭምር ከለከለች፤ ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከለከለች። ሁለቱም ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ግዛቶች ናቸው። በሌሎችም ግዛቶች ይህ ጥያቄ ሲነሣ ድምፃችን ከዚህ ወገን መሆን አለበት። ፈተናን እንደ ጠላት መቁጠራችንም ይብቃ።

ሁለተኛው የገዛ ቤታችን ሥራ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ቅዳሜዎች በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ አዳራሽ ሙሉ የመለማመጃ ፈተና በሰዓቱ እናስፈትን። ድርሰትን ማንበብ እንጂ መጻፍን አንውሰድባቸው። ገብተው የተማሩ ልጆቻችን የራሳቸውን ማመልከቻ፣ የተቀበሉትንም ያልተቀበሉትንም መልስ ለታናናሾቻቸው ያሳዩ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ኩዌስትብሪጅ የተባለው ፕሮግራም መኖሩን፣ የማመልከቻና የፈተና ክፍያ ሊነሣ እንደሚችል፣ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ማመልከቻ ጥቅምት አጋማሽ፣ የአሜሪካው መደበኛ ቀን ደግሞ በአብዛኛው ጥር መጀመሪያ ላይ እንደሚዘጋ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጽፈን በየአዳራሹ ደጃፍ እንለጥፍ። በየፓነሉ ስለ እኩልነት የምንናገር ባለሙያዎች፣ በዚህ መኸር የሌላ ሰው ልጅ ድርሰት ቁጭ ብለን ካላነበብን፣ ንግግራችንን የምናደርገው ለማን ነው?